«ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ምን ያህል ይሸፍናል?



ውድ አንባቢ ሆይ! በአገራችን የመኪና ሽያጭ ውል ውስጥ የማትጠፋ አንዲት ሐረግ አለች። ገዢው መኪናውን አይቶ፣ ሞክሮና ወዶ «ባለበት ሁኔታ» መረከቡን የምትገልጸው ናት። ውል ጸሐፊው ሳይጠየቅ ይጽፋታል፤ ሻጩ መኖሯን በዓይኑ ያረጋግጣል፤ ገዢው ግን ልቡ ቁልፉ ላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሳያነባት ይፈርምባታል። ለመሆኑ ይህች ሐረግ ምን ያህል ትሸፍናለች? ሻጩ የሚያውቀውን ነውር በሆዱ ይዞ ዝም ቢልና ነገ ገዢው ሲመጣበት «ባለበት ሁኔታ ገዝተሃል» ቢለው በእርግጥ ከዕዳው ነጻ ይወጣልን?

ነገሩ ረቂቅ እንዳይሆንብን አንድ ምሳሌ እንያዝ። ምሳሌው ምሳሌ ነው፤ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም። ይሁንና በሐዋሳ መሃል ከተማ የኖረ ሰው ሲያነበው እንግዳ የሚሆንበት አይመስለኝም።

አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ሥራው ወደ በንሳና ወደ ሀገረ ሰላም ደጋማ ቀበሌዎች ያመላልሰዋል። ትንሿ የቤት መኪናው የክረምቱን ጭቃ አልችል ስትለው ይሸጣትና በደላላ አማካይነት አንድ የቆየ ላንድክሩዘር ይገዛል። ለወዳጆቹ «አዲስ መኪና ገዛሁ» ይላቸዋል፤ አዲስነቱ ግን ለእርሱ እንጂ መኪናው ሃያ ዓመት አልፎታል። ይህ በእኛ አገር የተለመደ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው እየናረ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ብሷል።

ነጋዴው መኪናውን የሞከረው ከተማ ውስጥ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ አስፋልቷ ቀጥ ያለ ነው፤ ባጃጁና ብስክሌቱ ስለሚበዛ ብዙም አይፈጠንባትም። ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ወርዶ ሲመለስ መሪው ምንም አላስታወቀውም። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ሊብሬው ዞረ። በሳምንቱ በሻሸመኔ መንገድ ፍጥነት ሲጨምር ግን መኪናው የታዘዘውን ዘግይቶ ይሰማ ጀመር። መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ጎማው ይቆያል፤ ይመልሳል፣ ጎማው አልፎት ይሄዳል። ጠጠር መንገድ ላይ ሲገባማ እያንዳንዱ ጉድጓድ መኪናውን ወደፈቀደው ይጎትተዋል። ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና ይህ መላላት የትናንት እንዳልሆነ ነገረው።

አንባቢ ሆይ! እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት አትቸኩል። በመጀመሪያ የሻጩንም ጉዳይ በሚዛን እንየው።

ትንንሾቹ የቤት መኪኖች የመሪያቸው አሠራር ቀጥተኛ ነው። መሪው ሲዞር ጥርስ ያለው ዘንግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተገፍቶ ጎማውን ወዲያው ያዞረዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ግን ለዳገትና ለድንጋይ የተሠራ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ላይ ተቀምጠዋል። የመሪው ኃይል በመጀመሪያ ጥቃቅን የብረት ኳሶች በሚሽከረከሩበት የመሪ ሳጥን ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም በዘንጎችና በመጋጠሚያዎቻቸው በኩል ጎማው ዘንድ ይደርሳል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ጥቂት ክፍተት አለ። ጥቂቱ ከጥቂቱ ሲደመር መሪው መሃል ላይ ትንሽ ይጫወታል። ይህ ጠባዩ ነው። ከትንሽ መኪና ወርዶ እዚህ ላይ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን «መሪው ላልቷል» ቢል አይፈረድበትም፤ በዚያው አፉ ሻጩን አታላይ ብሎ ቢሰድብ ግን በደል ነው። መጥፎ ጥርጣሬ ከሻጭ ብቻ ሳይሆን ከገዢም ይመጣል።

ታዲያ ጠባይ የሚያበቃው፣ ነውር የሚጀምረው የት ላይ ነው? አንድ ጣት ያህል መጫወቱ ነውር ካልሆነ ከዚያ በጸጉር ስፋት የሚበልጠውስ? በጸጉር ላይ ጸጉር እየጨመርን ብንሄድ «ከዚህች ጸጉር ጀምሮ ነውር ነው» የምንልባት ጸጉር አናገኝም። የጥንት ግሪኮች ይህንኑ እንቆቅልሽ በእህል ክምር ይጠይቁት ነበር፤ ስንተኛዋ ፍሬ ስትጨመር ነው እህሉ ክምር የሚባለው? ለአሽከርካሪነት ሥራ ግን መስመር ማስመር የግድ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የሚማሩበት መጽሐፍ የመሪ ጨዋታ ከ10 ዲግሪ ካለፈ መኪናውን መቆጣጠር አስቸጋሪ እንደሚሆን ያስተምራል። ይህም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው መሪ ዳር ላይ ሲለካ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሻጭን ሕሊና በሳንቲ ሜትር ብቻ መለካት አይቻልም።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ችግር የፈቱበት መንገድ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ልኩን ራሳቸው ከመቁረጥ ይልቅ ለገበያውና ለባለሙያው አስረከቡት። በኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የተዘጋጀውና በሐነፊ መዝሀብ ላይ የቆመው መጀለ የተሰኘው የሕግ መድብል ዐይብን ሲተረጉም፣ በነጋዴዎችና በዕውቀት ባለቤቶች ዘንድ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ ነገር ነው ይላል። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማእ ደግሞ አንድ ቁም ነገር ይጨምራሉ፤ ጉድለቱ በዚያ ዓይነት ዕቃ ላይ በተለምዶ የማይገኝ መሆን አለበት። እንግዲህ የእኛ ጥያቄ ተስተካከለ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ባለፈው እንዲህ ያለ መኪና ላይ ይህን ያህል መላላት የተለመደ ነውን? አንድ ላንድክሩዘር የሚያውቅ መካኒክ ይህን ቢያይ ለገዢው «ዋጋ አስቀንስ» ይለዋልን? ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ ሻጩም ይህን የሚያውቅ ከሆነ፣ «ለአሮጌ መኪና ያለ ነው» የሚለው ቃል ማምለጫ አይሆነውም።

ከዝምታ የሚብስ ነገርም አለ። የመሪ ሳጥኑ አናት ላይ አንዲት ማስተካከያ ብሎን አለች። ሳጥኑ ውስጥ የተበላው ብረት የፈጠረውን ክፍተት በልኩ ለመቀነስ የተሠራች ናት። ከልኩ አልፎ ያጠበቃት ሰው ግን መሪውን ለጥቂት ቀናት ጠንካራ ያስመስለዋል። የተበላው እንደተበላ ነው፤ እንዲያውም ሳጥኑ ይበልጥ ይጎዳል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ መሃል አልመለስ ይላል። ገዢ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ይህችን ብሎን የሚያስጠብቅ ሰው ምን እየሠራ ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉትን አንድ የጥንት ዘዴ አስታውስ። የበግ ወይም የግመል ሻጭ ወተቱ እንዲጠራቀም ሳያልብ ያቆያትና ጡቷ ተወጥሮ ሲያዩት የወተት ባለጸጋ ትመስላለች። እንዲህ ያለችውን የገዛ ሰው ካለባት በኋላ እንዲይዛት ወይም ከአንድ ቁና ተምር ጋር እንዲመልሳት ምርጫ ተሰጥቶታል፤ ለዚህም የሦስት ቀን ጊዜ በሐዲስ ተጠቅሷል። ያ ሻጭ በአንደበቱ አልዋሸም። የተወጠረው ጡት ዋሸለት። የጠበቀችውም ብሎን እንዲሁ ናት።

አሁን ወደ ሐረጋችን እንመለስ። «ባለበት ሁኔታ» የዘመናችን ፈጠራ እንዳይመስልህ። ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ ኪታባቸው ያሰፈሩት አንድ ፍርድ አለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በዘመኑ ልማድ አንድ ባሪያ በ800 ዲርሀም ከማንኛውም ነውር ነጻ ነኝ በሚል ቃል ሸጡ። ገዢው ቆይቶ ያልተነገረው በሽታ አለበት ብሎ ከሰሳቸው። ጉዳዩ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ዘንድ ቀረበ። ኢብኑ ዑመር ከነውር ነጻ ነኝ ብዬ ነው የሸጥኩት አሉ። ዑስማን ግን ሲሸጡ የሚያውቁት በሽታ እንዳልነበረ በአላህ እንዲምሉ ፈረዱባቸው። ኢብኑ ዑመር አልምልም አሉና ባሪያውን መልሰው ተረከቡ። ከዚያም ባሪያው ዘንዶአቸው ዳነና በ1500 ዲርሀም ሸጡት።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ትልቁ ነገር ጥያቄው ነው። ዑስማን «ውሉ ላይ ምን ተጻፈ?» ብለው አልቆሙም፤ «ስትሸጥ ምን ታውቅ ነበር?» ወደሚለው አለፉ። ሻጭ የማያውቀውን ነውር በተመለከተ ከኃላፊነት መውጣት ይችላል፤ ሁለቱም እኩል ጨለማ ውስጥ ናቸውና። የሚያውቀውን በተመለከተ ግን አንዱ ብርሃን ውስጥ ቆሞ ሌላውን በጨለማ እንዲፈርም ማድረግ ነው።

ዑለማእ በዚህ ላይ አንድ ድምፅ አይደሉም፤ ይህንንም ሳልደብቅ ልንገርህ። ሐነፊዮች ሻጭ ከነውር ሁሉ ነጻ ነኝ ብሎ ከሸጠና ገዢው ከተስማማ ቃሉ በፍርድ ቤት ይጸናል ይላሉ። ነገር ግን እነርሱው በዳኛ ፊት መዳንንና በአላህ ፊት መዳንን ይለያሉ፤ ነውርን መደበቅ ኃጢአት መሆኑ በውሉ አይፋቅም። እንዲያውም ስለ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ የሚወራው ይታወቃል። የንግድ ሸሪካቸው ነውር ያለበትን ጨርቅ ሳይናገር በመሸጡ የዚያን ሽያጭ ገንዘብ ሙሉውን ሰደቃ አደረጉት ይባላል። በአገራችን ብዙ ተከታይ ያለው የሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ነገሩን ያጠብቀዋል። በእርሱ ዘንድ ይህ ቃል ሻጩን ነጻ የሚያወጣው በእንስሳ ላይ ብቻ፣ ያውም ሻጩ ካላወቀው ስውር ነውር ብቻ ነው። ለምን በእንስሳ? እንስሳ ታሞም ይበላል፣ ድኖም ይበላል፤ ሁኔታው ይለዋወጣል፤ ከስውር ነውር የጸዳ እንስሳ ማግኘት ብርቅ ነው። ጨርቅ ግን ተዘርግቶ ይታያል።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ጨርቅ ነው ወይስ እንስሳ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ። ብረት ነው፣ ሕይወት የለውም፤ ሊፈታ፣ ሊታይ፣ ሊለካ ይችላል፤ ስለዚህ ጨርቅ ነው ቢባል ያስኬዳል። በሌላ በኩል ሃያ ዓመት በጠጠር ላይ የሄደ መኪና ከስውር ነውር ጸድቶ አይገኝም፤ ዛሬ ደህና የነበረው ኩሽኔታ ነገ ይጮሃል። ለእኔ የሚመስለኝ ለማያውቀው ባለቤት እንደ እንስሳ፣ ከሥሩ ገብቶ ለሚወጣው መካኒክ እንደ ጨርቅ መሆኑ ነው። ያም ሆነ ይህ ለያዝነው ጉዳይ ልዩነት አያመጣም፤ እንስሳም ቢሆን የታወቀው ነውር ከቃሉ ውጭ ነውና። መሪ ደግሞ ከሌሎች ክፍሎች ሁሉ በተለየ ባለቤቱ በየቀኑ በእጁ የሚይዘው ነው። የሞተሩን ውስጥ አላውቅም ሊል ይችላል። መሪውን አላውቅም ለማለት ግን እጅ የሌለው መሆን አለበት።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና በውል ሊቀንሱት ወይም ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ግን የዚያ ዓይነቱ የውል ቃል አይጸናም። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነበር። በመዲና የተፈረደውና በአዲስ አበባ የታወጀው በዚህ ነጥብ ላይ መገናኘታቸው የሰው ልጅ ሕሊና በየት እንደሚሄድ ያሳያል።

የሚቃወም የለም ማለት ግን አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከልደት በፊት በ44 ዓመት በጻፈው የግዴታዎች መጽሐፍ የሁለት ፈላስፎችን ክርክር አስፍሯል። አንድ ሰው ለጤና የማይስማማ፣ እንጨቱ የበሰበሰ ቤት አለው እንበል፤ ይህንንም ከእርሱ በቀር ማንም አያውቅም። ሳይናገር ቢሸጠውስ? አንቲጳጥሮስ የተባለው፣ ይህ የተሳሳተን መንገደኛ መንገድ ከመከልከል ይብሳል፣ አውቆ ሰውን ወደ ስሕተት መምራት ነውና ይላል። ዲዮጋን ደግሞ ይመልሳል፤ ማን አስገደደህ? ቤቱን አላሞገስኩልህም፤ ዓይን አለህ፣ ምርመራው የአንተ ነው፤ መደበቅ ሌላ ነው፣ አለመናገር ሌላ ነው።

የዲዮጋንን ቃል ዛሬ በመኪና ገበያችን በየቀኑ ትሰማዋለህ። «ዓይቶ ነው የገዛው።» «መካኒክ ይዞ መምጣት ይችል ነበር።» «ቦሎ አለው፣ ምርመራ አልፏል።» ክርክሩ ከንቱ ነው አልልም። ገዢ የመመርመር ድርሻ አለው፤ ሻጭም የመኪናውን እያንዳንዱን ጭረት እንዲዘረዝር አይጠበቅም፤ የሚታይ ነገር ራሱ ተናግሯል። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ያገኙበትን፣ ኢማሙ ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ አስብ። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ሲል፣ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ አላደረግከውም የሚል ነበር ጥያቄያቸው። ያ ሻጭ እህሉን አላራሰም፤ ዝናቡ ነው ያራሰው። ደረቅ ነውም አላለም። ገዢ እጁን ሰድዶ መፈተሽ ይችል ነበር፤ እርሳቸውስ ያገኙት እንዲሁ አይደለምን? እንግዲህ የዲዮጋን ማምለጫዎች በሙሉ ለዚህ እህል ሻጭ ነበሩት፤ አንዳቸውም አልጠቀሙትም። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው ብሂል ለሸንጎና ለጠብ ይሁን፤ ገበያ ላይ ዝምታ አንዳንድ ጊዜ የሰው ወርቅ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ እንደ እኔ አስተያየት መሪን ከሌላው ነውር የሚለይ ነገር አለ። ወንበሩ ተቀድዶ፣ ቀለሙ ተልጦ ቢሆን ጉዳቱ የገዢው ነው፤ ገዢውም መብቴን ትቻለሁ ቢል የራሱን ነው የተወው። በላላ መሪ ከአለታ ወንዶ በላይ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ የምትወርደው መኪና ውስጥ ግን ሌሎች ሰዎች ተሳፍረዋል። ከኋላ የተቀመጠችው እናት ውሉ ላይ አልፈረመችም። ቡናውን በጭንቅላቱ ተሸክሞ በመንገዱ ዳር የሚሄደው ገበሬ አልፈረመም። ገዢና ሻጭ ምንም ያህል ቢስማሙ የእነዚህን ሰዎች ደህንነት የመተው ሥልጣን የላቸውም። ስለዚህ የላላ መሪን፣ የማይዝ ፍሬንን «ባለበት ሁኔታ» ብሎ መሸጥ የሁለት ሰዎች የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሻጩ ነግሮ ከሸጠና ገዢው ሳያሠራ ከነዳው ኃላፊነቱ ወደ ገዢው ይዞራል፤ ሳይነግር ከሸጠ ግን አብሮት ተሳፍሯል ማለት ነው።

ደላላውና መካኒኩስ? ኢማሙ ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት) ኢሕያእ ዑሉሚድ ዲን በተሰኘው ኪታባቸው የሰሓቢዩን ዋሢላ ኢብኑል አስቀዕን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያወሳሉ። አንድ ሰው ግመሉን በ300 ዲርሀም ሸጠ። ዋሢላ እዚያው ቆመው ነበር፤ ልብ ሳይሉ ገዢው ግመሏን ይዞ ሄደ። ሲያስታውሱ ተከትለው ሮጡና ለሥጋ ነው የገዛሃት ወይስ ለጉዞ ብለው ጠየቁት። ለጉዞ ነው አላቸው። ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ ጉዞ አትቀጥልልህም አሉት። ሰውየው ሊመልሳት መጣ፤ ሻጩም 100 ዲርሀም ቀነሰለት፤ ዋሢላንም ሽያጬን አበላሸህብኝ ሲል ወቀሳቸው።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ዋሢላ መጀመሪያ ያቀረቡት ጥያቄ ስለ ነውሩ ሳይሆን ስለ ዓላማው ነበር። ለሥጋ ለሚገዛት ሰው የኮቴ ቀዳዳ ምንም አይደለም። እንደዚሁም ላንድክሩዘሩን ፈትቶ መለዋወጫውን ለሚሸጥ ሰው የመሪው መላላት ኢምንት ነው፤ ዳገት ለሚወጣበት ግን ዋናው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ዋሢላ ሻጭ አልነበሩም። ከሽያጩ ሳንቲም አልተቀበሉም። ያዩት ብቻ ነው፤ ማየታቸው ግዴታ ሆነባቸው። በእነርሱ አረዳድ ነውሩን የሚያውቅ ሁሉ፣ ባይሸጥም፣ የመናገር ድርሻ አለበት። ዋሢላ ይህን ካደረጉ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን የሚቆርጠው ደላላ ምን ይበል? ያንን መኪና ባለፈው ወር ከሥሩ ገብቶ ያየው፣ ዛሬ ደግሞ በገዢው ተቀጥሮ «ደህና ነው» የሚለው መካኒክስ?

በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የሚጎዳው ማን እንደሆነ ታውቃለህን? መኪናውን በአማና የያዘው ሻጭ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ይህን አሳይቷል፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆኗል። ገዢው ደህናውን ከተበላው መለየት ካልቻለ ሁሉንም እንደተበላ ቆጥሮ ዋጋ ይሰጣል። ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው እየከፋ ይሄዳል፤ ዋጋውም እየወረደ ይከተለዋል። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ነውሩን ከገለጹ ግብይታቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁና ከዋሹ በረካው እንደሚፋቅ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። በረካን በኢኮኖሚ ቀመር ልተረጉመው አልደፍርም፤ ከዚያ ይሰፋልና። ግን «እውነት ብናገር ማን ይገዛኛል?» የሚል ነጋዴ፣ ሁሉም እንዲህ በማለቱ ገበያው ምን እንደሆነ ዙሪያውን ይመልከት።

አሁን ፊቴን ወደ አንተ፣ ወደ ገዢው ላዙር። መሪው መላላቱን ያወቅከው ዛሬ ነው እንበል። መጀመሪያ የምታደርገው መኪናውን ማቆም ነው። ይህን የምለው ለነፍስህ ብቻ አይደለም፤ በፊቅህም ነውሩን ካወቀ በኋላ ዕቃውን መጠቀም የቀጠለ ገዢ እንደወደደ ይቆጠራልና የመመለስ መብቱን ያጣል። ሕጉም ቢሆን ገዢ ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ሞተሩን አስነሥተህ፣ ጎማውን ቀጥ አድርገህ፣ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዝ፤ ሌላ ሰው ከሥር ሆኖ የትኛው መጋጠሚያ ላይ እንቅስቃሴው እንደሚጠፋ ይይ። የዘንግ መጋጠሚያ ይሆናል፤ የጎማ ኩሽኔታ ይሆናል፤ የባልስትራ ቡሽ ይሆናል፤ ወይም ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር ያሰረው ብሎን ላልቶ ይሆናል። ይህን ሳታውቅ ሻጩ ዘንድ አትሂድ፤ አንዳንዱ ነውር በጥቂት ብር የሚጠገን ነውና ለጥቂት ብር የሰው ስም አይጠፋም። አንተ ዘንድ ከመጣ በኋላ ሌላ ጉዳት ካደረስክበት ደግሞ መመለስ ይቀርና የነውሩን ያህል የዋጋ ልዩነት ወደ መጠየቅ ትዞራለህ።

ሻጩ ስልኩን ካላነሣስ? እውነተኛው ፈተና እዚህ ይመጣል። ጎረቤትህ መጥቶ በጆሮህ እንዲህ ይልሃል። «ብሎኗን ትንሽ አስጠብቅና ለሌላ ሽጣት፤ አንተም እንዲሁ ነው የገዛኸው።» ምክሩ ፍትሕ ይመስላል፤ ኪሳራውን ወደመጣበት እንደመመለስ ያለ። ነገር ግን ወደመጣበት አይደለም የሚመለሰው። ያታለለህ ሰው ገንዘቡን ይዞ ሄዷል፤ አንተ የምታገኘው ምንም ያልበደለህን ሦስተኛ ሰው ነው። ከተበዳይነት ወደ በዳይነት ለመሻገር አንዲት ፊርማ ብቻ ትበቃለች፤ ያቺ ሐረግም እዚያው ተጽፋ ትጠብቅሃለች።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። መኪናውን አሠርተህ፣ የተበላውን ለውጠህ፣ መሪው በልኩ ሆኖ ከዓመት በኋላ ብትሸጠው የቀድሞውን መላላት መናገር አለብህን? ነውሩ ከተወገደና ምልክቱ በዋጋው ላይ ካልቀረ ነውር አይባልም፤ መጋጠሚያና ኩሽኔታ መቀየር የመኪና ተራ ኑሮ ነው። የመሪ ሳጥኑ የታሰረበት የሻንሲ ብረት ተሰንጥቆ ተበይዶ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ብየዳው ምንም ያህል ቢጸዳ፣ ላንድክሩዘር የሚያውቅ ሁሉ ያንን ሲያይ ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ለገዢው ከሥር አስገብተህ ብየዳውን በጣትህ አሳየው፤ ከዚያ በኋላ በዋጋው ተነጋገሩ።